ሳይጠየቅ ስለሚገባና ሳይጠየቅ ስለሚወጣ ዕቃ

ቤት ያለው ሰው ኹሉ በር አለው፤ በርም የተሠራው ለኹለት ሥራ ነው፤ ለማስገባትና ለመከልከል። በሩን ዘግቶ የሚኖር ሰው ከወዳጁ ይለያል፤ በሩን ከፍቶ የሚያድርም ሰው በማለዳ ሲነሣ የማያውቀውን ዕቃ በቤቱ ያገኛል፥ የሚያውቀውንም ያጣል። ይህ ነገር ለጭቃና ለሣር ቤት ብቻ የተነገረ አይምሰል። ዛሬ በየኪሳችን ይዘነው ስለምንዞረው ትንሽ ቤት፥ ማለት ስለ እጅ ስልካችን፥ ጥቂት ቃል ለመጻፍ አስበናል። የምንጽፈውም ከሌላ ሰው የሰማነውን ሳይኾን በራሳችን ቤት ደርሶ ያሳፈረንን ነው።

ክቡራን አንባቢዎች እንደሚያውቁት፥ በቢቸናም ኾነ በሞጣ ለብዙው ሰው ኢንተርኔት የሚደርሰው በእጅ ስልክ ነው። የሚገዛውም በጥቅል ነው፤ የቀን፥ የሳምንት ወይም የወር ጥቅል ተገዝቶ በሜጋ ባይትና በጊጋ ባይት እየተሰፈረ ይሰጣል፤ ጤፍ በቁና እንደሚሰፈር ማለት ነው። የተሰፈረው ሲያልቅ ወይም ቀኑ ሲደርስ ያበቃል። ነገር ግን ጤፍ የሚሰፈርለት ሰው ጆንያውን ይዞ ይቆማል፤ ምን ያኽል እንደ ገባለትም በዐይኑ ያያል። በስልክ የሚሰፈረውን ግን ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ ስልኩ ራሱ ይቀበላል። ዘመዶች በኅብረት በሚጻጻፉበት ገጽ አንዱ ሥዕል ቢያኖር፥ ሌላው የሠርግ ቪዲዮ ቢልክ፥ ሦስተኛው ከማን እንደ መጣ የማይታወቅ ቀልድ ቢያስተላልፍ፥ ስልኩ "ልቀበል ወይስ ልተው?" ሳይል ኹሉንም ያወርዳል። በስልኩ የተጫኑት መተግበሪያዎችም ዐዲስ እትም በወጣላቸው ቍጥር ራሳቸውን ለማደስ ከዚያው ጥቅል ይጠጣሉ።

እኛም አንድ ጊዜ የወር ጥቅል ገዝተን፥ ለፍርድ ቤት ሥራ የሚያስፈልገንን አንድ ሰነድ ለማውረድ ስንል ኮምፒውተራችንን ከስልካችን ጋራ አገናኘን። ሰነዱ ከወረደ በኋላ ማገናኛውን ሳንዘጋ ተኛን። ጧት ስንነሣ የወሩ ጥቅል አልቆ ቆየን፤ ኮምፒውተሩ ለራሱ የሚሻውን እያወረደ አድሯል። ባለቤታችን ነገሩን በሰማች ጊዜ "ለእንግዳው እራት ሰጥተው፥ ጓዳውን ክፍት ትተው ተኙ" አለችን። የምንመልሰው ቃል አልነበረንም፤ ስሕተቱ የእኛ እንጂ የሌላ የማንም አልነበረምና።

የሞጣን አገር የሚያውቅ ሰው ግን ይህን ትምህርት ከስልክ በፊት ሊማረው ይገባ ነበር። ከሞጣ ወደ ዐባይ ወርደው ወደ ጎንደር በሚሻገሩበት ቦታ በ17ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ አለ፤ በጣልያን ወረራ ጊዜ ስለ ተቈረጠ ሰባራ ድልድይ ተባለ። ኋላ ተንጠልጣይ ድልድይ እስኪሠራበት ድረስ ሰው ለብዙ ዘመን የሚሻገረው በገመድ ነበር፤ ተሻጋሪው ገመዱን በወገቡ ያስራል፥ በወዲህና በወዲያ የቆሙ ሰዎችም ይጎትቱታል፤ በታቹ ዐባይ ይጮኻል። በዚያ ገመድ የሚሻገር ሰው ምን ይዞ እንደሚሔድ አስቀድሞ ሳያስብ ወደ ገደሉ አፋፍ የሚቀርብ አይመስለንም። የስልካችንም ገመድ ቀጭን ነው፤ በላዩ ላይ የምናንጠለጥለውን ግን አንመረምርም።

የሚወርደው ነገር ኹሉ አንድ ዐይነት ክብደት ያለው እንዳይመስለንም ልኩን ማወቅ ይጠቅማል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ መዝገብ ገብቶ ለያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቍጥር ተሰጥቶታል፤ በኢንተርኔት በተለመደው አጻጻፍ አንዱ ፊደል 3 ባይት ቦታ ይይዛል። እንግዲህ በያንዳንዱ ገጽ 1,000 ፊደል ያለበት የ1,000 ገጽ መጽሐፍ ቢኖር፥ ጽሕፈቱ ብቻውን የሚይዘው 3,000,000 ባይት፥ ማለት 3 ሜጋ ባይት ያኽል ነው። በስልክ የተነሣ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ እጥፍ ድርብ ይበልጣል። ስለዚህ አንድ ሰው ያለ ሐሳብ የሰደደው የዘፈን ቪዲዮ የአንድ ሊቅ የዕድሜ ልክ ሥራ ከሚይዘው የሚበልጥ ቦታ በስልካችን ይዞ ይቀመጣል ማለት ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች ብራና እንዴት እንደሚሠራ አይተናል፤ ቆዳው በመወጠሪያ ተወጥሮ፥ ተፍቆ፥ ደርቆ፥ ተሰምሮ እስኪደርስ ድረስ ያለውን ድካም ጸሓፊው ስለሚያውቅ፥ በላዩ ያልታዘዘውን ነገር አይጽፍበትም ነበር። ቦታው ውድ የኾነበት ሰው ይመርጣል፤ ቦታው በነጻ የተሰጠው የመሰለው ሰው ግን ያግበሰብሳል።

እስከዚህ ያልነው ስለሚገባው ነው። አኹን ወደ ዋናው ነገራችን እንመለስ።

በ2015 ዓ.ም. ለፋሲካ ከቢቸና ተነሥተን በደብረ ወርቅ በኩል አልፈን እናታችንን ልንጠይቅ ወደ ሞጣ ሔድን። ሰላምታ ከተሰጣጣንና ውሃ ከቀረበልን በኋላ እናታችን ስልካቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ሰጡንና "ይህ ነገር እንቢ አለኝ፤ የልጅ ልጄ ከአዲስ አበባ የሕፃኗን መልክ ላክሁልሽ ትለኛለች፤ እርሱ ግን ቦታ የለኝም ይላል አሉ። እኔ ምን አስቀምጬበት ነው?" አሉን።

በእውነትም እርሳቸው ያስቀመጡበት ነገር አልነበረም። በከፈትነው ጊዜ ያገኘነው ግን ቈጥረን የማንጨርሰው ነው። በየማለዳው የሚላክ የአበባ ሥዕል "እንደምን አደራችሁ" የሚል ጽሕፈት ያለበት፤ ከአራት ዘመድ አራት ጊዜ የመጣ አንድ የሠርግ ቪዲዮ፤ በአዲስ አበባ የሚሸጥ ቤት ማስታወቂያ፤ ማንኛውንም በሽታ አድናለሁ የሚል መድኃኒት ሻጭ ንግግር፤ ማን እንደሚናገር የማይታወቅ የፖለቲካ ክርክር። ይህ ኹሉ ማንበብ በማያውቁ በአንዲት ባልቴት ስልክ ላይ ሳይጠሩት መጥቶ ተከምሯል።

እኛም መዝገብ ማጥራት የዘወትር ሥራችን ስለ ኾነ ደስ ብሎን ጀመርን። በመጀመሪያ አንድ በአንድ እያየን ነበር፤ ነገር ግን ምሳው ቀርቦ ስለ ነበር ቸኰልን፤ ኹሉንም በአንድ ላይ መርጠን "ይጥፋ" አልነው። ስልኩ "በእውነት ይጥፋ?" ብሎ ጠየቀን፤ እኛም "አዎን" አልን። ወዲያው የሕፃኗ ሥዕል ገባ። እናታችን እልል አሉ፤ ስልኩን ስመው ለጎረቤት አሳዩ፤ እኛም እንደ ትልቅ ባለ ሙያ ተመሰገንን፥ ዶሮ ወጡንም በደስታ በላን። እንግዲህ እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል፤ ስልኩ እንኳ ጠይቆን ነበር፤ እኛ ግን የስልኩን ባለቤት አልጠየቅንም።

በሰኔ ወር የአባታችን ሙት ዓመት ሲቃረብ እናታችን በስልክ ደወሉልን። "ያ የአባትህ ቃል ከስልኩ ውስጥ አልገኝ አለኝ፤ የት አኖርኸው?" አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታችን በ2013 ዓ.ም. ለሕክምና ባሕር ዳር ሳሉ፥ አብሯቸው የነበረው የእኅታችን ልጅ ድምፃቸውን በስልኩ ቀድቶ ለእናታችን ልኮላቸው ነበር። ቃሉ ኹለት ደቂቃ አይሞላም። በሽታቸውን አላነሡም፤ ቀዩ በሬ እስከ መስከረም እንዳይሸጥ፥ ከጎረቤት ለዘር የተበደርነው ኹለት ቁና ጤፍ እንዲመለስ፥ የበሩ ማጠፊያም እንዲታደስ አዘዙ፤ በመካከሉ ሳሉ፤ በመጨረሻም እናታችንን በክርስትና ስማቸው ጠርተው "ደኅና እደሪ" አሏቸው። ከዚያ ወዲያ በዚያው ሳምንት ዐረፉ። እኛ ይህን ቃል የሰማነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እናታችን ግን በየዐርቡ ማታ የጎረቤትን ልጅ ጠርተው እንዲያሰማቸው ያደርጉ እንደ ነበር አላወቅንም። ልጁም ምሳ ሲቀርብ በዚያ አልነበረምና ማንም አላስታወሰን።

ወዲያው የእኅታችንን ልጅ ጠየቅን፤ ድምፁን የቀዳበትና የላከበት ስልክ በ2014 ዓ.ም. ተሰብሮ ቀርቷል። ከእናታችን ስልክ በቀር በሌላ ቦታ አልተቀመጠም። ያጠፋነውን ለመመለስ ዐዋቂ ለምነን አስሞከርን፤ አልተገኘም። በመጨረሻ ለእናታችን እውነቱን ነገርናቸው። ጥቂት ዝም አሉና እንዲህ አሉን፤ "ልጄ፥ መቼም ክፉ አስበህ አይደለም። ነገር ግን ያ ኹሉ ዕቃ ሲገባ እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ሲወጣም የጠየቀኝ የለም። ቤቱ የእኔ ነበረ።"

ይህ ቃል ከተግሣጽ ይልቅ ከበደን። እኛ በሥራችን ችሎት "መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ" ብሎ ካላዘዘ በቀር አንድ መዝገብ ከቦታው አናነሣም፤ የተዘጋውም መዝገብ ይመለሳል እንጂ በዚያው ቀን አይቃጠልም። ከጠረጴዛ ማንሣትና ማጥፋት ኹለት ልዩ ነገሮች መኾናቸውን በየቀኑ እያየን እንኖራለን፤ በእናታችን ቤት ግን አንድ አደረግናቸው።

በሐምሌ ወር ይኸው የእኅታችን ልጅ ወደ ቢቸና ሊጠይቀን መጣ። እርሱ በኮምፒውተር ሥዕል መሥራት ይማራል፤ ዳዝ ስቱዲዮ በሚባለው መሣሪያ የሰውን አካል፥ ልብሱን፥ ቤቱንና ዛፉን እያቀናበረ ሥዕል ያወጣል። እነዚህ ነገሮች በጥቅል በጥቅል ከሩቅ ማኅደር የሚወርዱ ናቸው፤ የሚያወርዳቸውና የሚጭናቸውም ዳዝ ኢንስቶል ማኔጀር የተባለ አንድ መጋቢ ነው። ልጁ ይህን መጋቢ ከፍቶ ሦስት መደርደሪያ አሳየን። በመጀመሪያው ለመውረድ የተዘጋጀው፥ በኹለተኛው ወርዶ ለመጫን የተዘጋጀው፥ በሦስተኛው የተጫነው ይታያል። ሰው የገዛውና በነጻ የተሰጠው ጥቅል በመጀመሪያው መደርደሪያ ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ባለቤቱ ሳያስተውል ኹሉም ይውረድ ያለ እንደ ኾነ የማይፈልገውም አብሮ ወርዶ ጥቅሉን ይጨርሳል፥ ማኅደሩንም ይሞላል።

"ታዲያ የማትፈልገውን ታጠፋዋለህ?" ብለን ጠየቅነው። "አላጠፋውም፤ እሰውረዋለሁ" አለን። በመጋቢው ላይ አንድን ጥቅል መሰወር የሚባል ትእዛዝ አለ፤ የተሰወረው ከሰልፉ ይወጣል፥ ዐይንን አያደክምም፥ በስሕተትም አይወርድም፤ ባለቤትነቱ ግን አይጠፋም፤ አንድ ቀን ቢፈለግ የተሰወረው ይታይ ብሎ መልሶ ማምጣት ይቻላል። ደግሞ ጥቅሉ ከተጫነ በኋላ የመጣበት መያዣ ይጥፋ ተብሎ ሊታዘዝ ይችላል፤ እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ ባዶውን ጆንያ እንደ ማንሣት ነው፤ የተጫነው ሥራውን ይሠራል። የተጫነውም ቢነሣ፥ የተገዛ ነገር ስለ ኾነ ከሩቁ ማኅደር ዳግመኛ ሊወርድ ይችላል። ልጁ ይህን ኹሉ ካሳየን በኋላ "አጎቴ፥ እኔ አንድ ነገር ከማጥፋቴ በፊት የምጠይቀው ይመለሳል ወይስ አይመለስም ብዬ ነው" አለን። አንገታችንን ደፋን።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን የምንጠብቀውን ሥርዐት ለአንባቢዎች እንደሚከተለው እናቀርባለን።

መጀመሪያው በር ላይ መጠየቅ ነው። በቴሌግራም ቅንብር ውስጥ ስለ ውሂብና ስለ ማከማቻ በሚናገረው ክፍል፥ ሥዕልና ቪዲዮ ራሱ እንዲወርድ ወይም እንዳይወርድ ለማዘዝ ይቻላል፤ ይህም በስልክ ኢንተርኔት ጊዜ አንድ፥ በዋይ ፋይ ጊዜ ሌላ፥ ከአገር ውጭ ሲኾኑም ሌላ ትእዛዝ ይቀበላል፤ የመጠኑንም ልክ ለመወሰን ይቻላል። በዋትሳፕም እንዲሁ አለ፤ የድምፅ መልእክት ግን ኹልጊዜ ራሱ ይወርዳል። በጎግል ፕሌይ ደግሞ መተግበሪያዎች በዋይ ፋይ ብቻ እንዲታደሱ ማዘዝ ይቻላል። ኮምፒውተሩን ከስልኩ ጋራ የሚያገናኝ ሰው በዊንዶውስ ላይ ያን መስመር "በልክ የተሰፈረ" ብሎ ቢያስመዘግበው፥ ኮምፒውተሩ ብዙውን ጭነት ያቆየዋል። ይህን ብናውቅ ኖሮ ያ የወር ጥቅል በአንድ ሌሊት ባላለቀ ነበር።

ኹለተኛው መሰወርን ማወቅ ነው። የዘመድ ማኅበር ገጽ ጭነቱ ቢበዛም ከእርሱ ወጥቶ መሔድ በአገራችን እንደ ኵርፊያ ይቈጠራል፤ ሽማግሌም ያስልካል። ነገር ግን ገጹን ድምፁን አጥፍቶ ወደ መዝገብ ቤቱ መላክ ይቻላል፤ ከፊት ይርቃል፥ ዘመድም አይቀየምም፥ የሚያስፈልግ ቀንም ይከፈታል።

ሦስተኛው ጆንያውን ከእህሉ መለየት ነው። አንድ መተግበሪያ ከተጫነ በኋላ የመጣበት ፋይል የወረዱ ነገሮች በሚቀመጡበት ክፍል ተቀምጦ ይቀራል፤ እርሱን ቢያጠፉት የተጫነው አይጎዳም። ቴሌግራምም ለፈጥኖ መክፈቻ ብሎ በስልኩ ያከማቸው ቢጠረግ፥ መልእክቱ ራሱ እስካልተሰረዘ ድረስ ከሩቁ ማኅደር ዳግመኛ ይወርዳል። ይህን ያለ ሥጋት ማድረግ ይቻላል።

አራተኛው የማይመለሰውን ማወቅ ነው። በገዛ ስልካችን ያነሣነው ሥዕል፥ የቀዳነው ድምፅ፥ በስልኩ ብቻ የተቀመጠ መልእክት ከጠፋ ላኪው ዳግመኛ ካልላከው በቀር መመለሱ ያጠራጥራል። እንዲህ ያለው ነገር አስቀድሞ በኹለት ልዩ ቦታ ሊቀመጥ ይገባዋል፤ በማኅደር ካርድና በሌላ ዘመድ ስልክ ወይም በኮምፒውተር። የአባታችን ቃል በኹለት ቦታ ቢቀመጥ ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባልተጻፈ ነበር።

ነገር ግን በሩን ፈጽሞ መዝጋት ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። ከዕድሳቶቹ መካከል ብዙዎቹ ለሌባ የሚመች ቀዳዳ የሚደፍኑ ናቸው፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብር ገንዘብ በስልክ የሚያንቀሳቅስ ሰው በሚበዛበት በዚህ ጊዜ፥ ስልኩን ዕድሳት የሚከለክል ሰው ካዝናውን በአሮጌ ቍልፍ እንደሚዘጋ ነው። ዕድሳቱን ማቆየት እንጂ መተው አይገባም፤ ዋይ ፋይ ባለበት መሥሪያ ቤት ወይም ሆቴል በሳምንት አንድ ቀን ማድረግ ይበቃል። በአንጻሩም ያልታወቀ ሰው "ሽልማት ደርሶሃል፥ ይህን ጫን" ብሎ የላከውን ፋይል መጫን በገዛ እጅ ለወንበዴ በር መክፈት ነው።

የሚያስፈልገውንም ነገር መንገዱ ሳይዘጋ ማስገባት ይገባል። በ2015 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ በአማራ ክልል የስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። በዚያ ጊዜ ለያንዳንዱ ሰው የቀረው አስቀድሞ በስልኩ ያስቀመጠው ብቻ ነበር። እኛ ጋራ አስቀድመን ፈልገን ያወረድነው የክልሉ የቤተ ሰብ ሕግ አዋጅ ቍጥር 79/1995 ነበረና፥ ስለ ጋብቻና ስለ ልጆች ቀለብ ለሚጠይቁን ጎረቤቶች አንቀጹን እየገለጥን ለማሳየት በቃን። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሳንጠራው ከወረደው ክምር ግን በዚያ ኹሉ ወራት አንድ ስንኳ የጠቀመን አላገኘንም። የተመረጠ ጥቂት ነገር በክፉ ቀን እንደ ስንቅ ይኾናል፤ ያልተመረጠው ብዙ ነገር ግን በደኅናው ቀን ቦታ ይዞ፥ በክፉው ቀን ጥቅም የለውም።

ኋላም መንገዱ በተመቸን ጊዜ ወደ ሞጣ ሔድን። የእናታችን ስልክ እንደ ቀድሞው ባይኾንም ዳግመኛ ሞልቶ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ከምሳ በኋላ በግቢው ካለው ዛፍ ሥር በርጩማ አስቀርበን ከአጠገባቸው ተቀመጥን፤ ስልኩንም በመካከላችን ይዘን አንድ በአንድ እያሳየን መጠየቅ ጀመርን። "ይህስ?" እንላለን፤ "ይጥፋ" ይላሉ። "ይህስ?" እንላለን፤ "እርሱን እንኳ ደግሜ ልየው" ይላሉ። የሠርጉ ቪዲዮ አራቱም ጠፋ፤ የመድኃኒቱ ሻጭም ጠፋ። ቡናው እስከ ሦስተኛው ድረስ ተጠጣ፤ ሥራው ግን ገና እኩሌታው አልደረሰም ነበር።

ከዚያም በቀይ አበባ የተከበበ፥ "እንደምን አደራችሁ" የሚል አንድ ሥዕል መጣ። ከዚህ ዐይነቱ ብዙ ስላጠፋን ሳንጠይቃቸው ጣታችንን ልናሳርፍበት ነበር። እናታችን እጃችንን ያዙና "እርሱ ይቆይ" አሉን። "ምን ያደርግልዎታል?" ብንላቸው፥ "የላከችልኝ ያች ከበላይ በኩል ያለች ጎረቤቴ ናት፤ በዐቢይ ጾም ዐረፈች። ከእርሷ የቀረኝ እርሱ ነው" አሉን።

እኛም ሥዕሉን በስልካቸው ተውነው፤ አንድ ቅጂም በማኅደር ካርዱ ላይ፥ አንድ ቅጂም በእኛ ስልክ ላይ አኖርን። ከዚያ በኋላ ቀጣዩን ከፈትንና "ይህስ?" ብለን ጠየቅናቸው።